የት ተጽፏል?

አንባቢ ሆይ! መስከረም ከገባ ዐሥር ቀን ሲያልፈው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሄደው ያውቃሉን? በሌላው ወራት የነጋዴና የጭነት መኪና መንገድ የሆነው ሁሉ በዚያ ሰሞን የልጆች መንገድ ይሆናል። በመርካቶ ሱቅ የከፈተው፣ በጽሕፈት ቤት መዝገብ የሚያገላብጠው፣ በተማሪ ቤት ያለው፣ ሁሉም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ተጉዞ ወልቂጤ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ቸሃ፣ ወደ እዣ፣ ወደ ምሁር፣ ወደ እነሞር፣ ወደየእናቱ ቤት ይበተናል። በሬው ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ሲጠራቀም በከረመ ገንዘብ ተገዝቷል። ቅቤው ተነጥሯል፤ ቆጮው ተዘጋጅቷል፤ ጣባው ታጥቧል። ጎመንና አይብ በቅቤ የሚቀርብበት የሴቶች ቀን ከዋናው በዓል አስቀድሞ ይከበራል። የተጣላ ዘመድ ካለም ከደመራው በፊት እንዲታረቅ ሽማግሌ ይገባበታል።

እንግዲህ በዚህ ማዕድ ላይ ነው አንድ አጭር ጥያቄ እየተደጋገመ የሚሰማው። ከጓደኞቹ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የጀመረ አንድ ተማሪ፣ ወይም አዲስ ደመወዝተኛ የሆነ ጎልማሳ፣ ጣባው ሲቀርብለት እጁን ይሰበስብና «ይህ ሁሉ የት ተጽፏል?» ይላል። አጎት ተቆጥቶ «አባቶቻችን ያቆዩን ነው፤ ይበቃል!» ይላል። እናት አንዴ ልጇን አንዴ ወንድሟን ታያለች። ምርቃቱ ሳይፈጸም ሰው ይነሣል።

ይህ ነገር በየቤቱ አለና በዚህ ሳምንት ላወጋዎት የፈለግሁት ስለ እርሱ ነው። «የት ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጣም ያረጀ ጥያቄ ነው፤ ከፈረንጅ ሚሲዮን ጋር የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ታሪኩን አላዩትም። ችግሩ ጠያቂውም ተቈጪውም ጥያቄውን ከግማሽ መንገድ ላይ ማቆማቸው ነው።

አስቀድመን ስለ መስቀል የተጠየቀውን እንደ ተጠየቀ እንመልስ። ጌታ በመስቀል ላይ መሰቀሉ በአራቱም ወንጌል ተጽፏል፤ ያለዚህ ክርስትና የለም። መስቀሉ ከተቀበረበት መገኘቱ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ አይገኝም፤ ሊገኝም አይችልም፤ የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሆነ ታሪክ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ ቆጥሬአለሁ፤ የእኛን ስጽፍ ለይቼ እናገራለሁ።) የቈስጠንጢኖስ እናት ንግሥት ዕሌኒ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው በ326 ገደማ ነው። በዚያው ዘመን የነበረው የታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ ጉዞዋን ሲጽፍ መስቀሉን አገኘች አይልም። ነገር ግን በ350 ገደማ የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ከመስቀሉ ዕንጨት የተቈረሰው ወደ ብዙ አገር መድረሱን ይናገራል፤ በ395 ደግሞ የሚላኑ አምብሮስዮስ ያገኘችው ዕሌኒ መሆኗን በግልጽ ይሰብካል። የደመራው ጢስ ስፍራውን አመለከታት የሚለው፣ ቁፋሮው መስከረም 17 ተጀምሮ መጋቢት 10 መስቀሉ ተገኘ የሚለውም ቤተ ክርስቲያን በትውፊት የያዘችው ነው። ቆጮና ክትፎው ግን ከዚህም ከዚያም አይገቡም፤ እነርሱ የአገር ናቸው። የጐንደር ሰው መስቀልን ያለ ክትፎ ያከብራል፤ ማንም መናፍቅ አይለውም።

ልብ ይበሉ! በአንድ ማዕድ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀምጠዋል። የክርስቶስ መሰቀል ትምህርተ ሃይማኖት ነው። በመስከረም 17 በዓል መደረጉ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በሬው፣ ጣባው፣ በጀፎረው ሣር ላይ የሚቀጣጠለው ደመራ የአገር ልማድ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መምህራንም የማይለወጠውን ዶግማ፣ በሲኖዶስ ሊሻሻል የሚችለውን ደግሞ ቀኖና ብለው ለይተው ያስተምራሉ። በ2013 ዩኔስኮ የመዘገበውም የመስቀልን በዓል አከባበር እንጂ ሃይማኖቱን አይደለም፤ ሃይማኖት የሚመዘገብበት መዝገብ ዩኔስኮ ዘንድ የለምና! በየቤቱ የሚሰማው ጠብ አብዛኛው የሚነሣው ሦስቱን አንድ ከማድረግ ነው። ተማሪው ሦስቱንም ጠቅልሎ «ልማድ» ብሎ ይጥላል፤ አጎቱ ሦስቱንም ጠቅልሎ «ሃይማኖት» ብሎ ይይዛል። ስሕተታቸው አንድ ዓይነት ነው።

«ወግ» ስለምትባለው ቃል አንድ ነገር ላንሣ። በ1962፣ ማለት በእኛ በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቢከፍቱ፣ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ፈሪሳውያንን ስለ ሰው ወግ ሲገሥጻቸው ያገኛሉ። ይህን ምዕራፍ ተማሪዎቻችን በቃላቸው ይዘውታል። ወደ ሁለተኛይቱ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 2 ቢሻገሩ ደግሞ ጳውሎስ በቃልም በደብዳቤም የተማሩትን ወግ እንዲይዙ ምእመናኑን ያዛቸዋል። ይህን አጎቶቻችን በቃላቸው ይዘውታል። የአማርኛው ቃል በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ የግሪኩም አንድ ነው። ታዲያ መጽሐፍ ራሱን ይቃወማልን? አይቃወምም፤ ወግ ሁሉ አንድ ሚዛን የለውም ማለቱ ነው። አንዱ ወግ ትእዛዙን ተሸክሞ ያደርሳል፤ ሌላው ትእዛዙን ይሸፍናል።

የማርቆስን ምዕራፍ ከጀመሩት ዘንድ እስከ ታች ያንብቡት። ጌታ ለፈሪሳውያን የሰጠው ምሳሌ ምንድን ነው? ለአባትና ለእናት መርጃ መሆን የሚገባውን ገንዘብ «መባ ነው» ብሎ ወላጅን መንፈግ ነው። ነገሩ የተቈረጠው በወላጅ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ጠቅሶ የእናቱን ማዕድ ገፍቶ የሚወጣ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ ጠብቃው የነበረችውን እናት በመንፈሳዊ ምክንያት አሳዝኖ የሚመለስ ልጅ፣ ጥቅሱ በማን ላይ እንደሚቈጣ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። ኅሊናው ካልፈቀደለት አለመብላት መብቱ ነው፤ ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 14 የሚበላውም የማይበላውም አንዱ ሌላውን እንዳይንቅ ጽፏል። መናቅ ግን ከቶ አልተፈቀደም። አጎትም ከዚህ ምዕራፍ ድርሻው አለው። ልጁ ጸሎቱን ሳይተው፣ ሰው ሳይበድል፣ ክትፎ ስላልቀመሰ ብቻ «ከሃይማኖት ወጣ» ብሎ ዘመድ ሰብስቦ የሚያስወግዝ ሰው የሰውን ወግ ትእዛዝ አድርጎ ሹሞታል።

ጥያቄው ያረጀ ነው ብያለሁና ማስረጃውን ላቅርብ። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስ የሚባሉ መነኵሴ ተነሡ። በዚያን ዘመን ጳጳስ የሚላክልን ከእስክንድርያ ነበር፤ የእስክንድርያም ልማድ ከሰንበት እሑድን ብቻ ማክበር ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም ይከበር አሉ። ምክንያታቸው ምን ነበር? «የት ተጽፏል?» ለሚላቸው ዐሥርቱን ትእዛዛት ከፍተው ማሳየት ይችሉ ነበር፤ በግዕዝ ወደ እኛ የደረሰውን የሐዋርያትን ሲኖዶስም ይጠቅሱ ነበር። ጳጳሱ አልተቀበላቸውም። አገር ጥለው በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው፣ ከቤተ መንግሥት ተገፍተው፣ በየበረሃው ገዳም አቆሙ። ዐፄ ዳዊት በ1404 ስደቱን አስቆሙላቸው፤ በ1450 ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ከጳጳሳቱ ጋር ተወሰነ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ከየትኛው ወገን እናስቀምጠው? መጽሐፍ ጠቅሶ የተከራከረው የተገፋው ወገን ነው፤ ወግ ጠቅሶ የገፋው ሥልጣን ያለው ወገን ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ግን የተገፉት ሰዎች ክርክር ራሱ የቤተ ክርስቲያን ወግ ሆነ፤ ዛሬ ቅዳሜን የሚያከብር አረጋዊ «አባቶቻችን ያቆዩን ነው» ሲል፣ ያቆዩት አባቶች በዘመናቸው መጽሐፍ ይዘው ልማድን የተሟገቱ መሆናቸውን ምናልባት አልሰማ ይሆናል። ሁሉም ግን በጉባኤ አላለቀም። በዚያው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ለሥላሴ እንጂ ለንጉሥ፣ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ስላሉ ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል፣ ተገድለዋልም። ሰንበትን በውይይት የፈታ ንጉሥ ያን በጅራፍ ሊፈታ ሞከረ። ከሁለቱ ሥራዎቹ የቱ እንደ በለጠ ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የሦስቱን ልዩነት ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው ግን ዐፄ ገላውዴዎስ ይመስለኛል። ይህ ንጉሥ አገሩን ከግራኝ ጦርነት ገና ማንሣቱ ነበር። ከፖርቱጋል የመጡ ካህናት «እናንተ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ የእሪያ ሥጋ አትበሉም፤ ይህ አይሁድነት ነው» ብለው ከሰሱት። ንጉሡ በ1555 መልሱን በአጭር የሃይማኖት መግለጫ ጻፈ። አጻጻፉን ልብ ይበሉ። በመጀመሪያ ስለ ሥላሴና ስለ ክርስቶስ ያለውን እምነት አስቀመጠ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ቀጥሎ ወደ ክሱ ሄደ። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም አለ፤ እነርሱ ውሃ አይቀዱበትም፣ እሳት አያነዱበትም፤ እኛ ግን ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙን ቍርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናደርግበታለን አለ። ግዝረትን በተመለከተ ደግሞ የጳውሎስን ቃል ጠቅሶ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ካመነ በኋላ፣ እኛ ዘንድ የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኑባ ፊትን እንደ መተልተል፣ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ነው አለ። ስለ እሪያ ሥጋም የሚበላውን አንንቅም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም የሚል መልስ ሰጠ።

አንባቢዬ፤ አንድ የሠላሳ ሦስት ወይም የሠላሳ አራት ዓመት ንጉሥ፣ ጦር ሜዳ ላይ ያደገ ሰው፣ እምነቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓትና የአገሩን ልማድ በሦስት መደብ ለይቶ ሲያስቀምጥ አያስደንቅምን? ልማዱን አልጣለውም፤ ሃይማኖት ነው ብሎም አልዋሸም። ከእርሱ ቀደም ብሎ ወደ ፖርቱጋል የተላከው ጸጋ ዘአብም እዚያ ቍርባን ተከልክሎ ሲኖር ይህንኑ ነገር ተሟግቷል፤ ጽሑፉም በ1540 በላቲን ታትሞ አውሮፓ አንብቦታል።

ይህ ጥበብ በተረሳ ጊዜ የሆነውን ደግሞ እናውቃለን። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1625 የገባው ፓትርያርክ ሜንዴዝ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የበዓሉን ቀን፣ ጾሙን፣ ቅዳሴውን ሁሉ ካልለወጥሁ አለ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በሊቃውንት ጉባኤ ሊያልቅ የሚችል የትምህርት ክርክር፣ የገበሬውን የጾም ቀን በነካ ጊዜ ጦርነት ሆነ። ዛሬ በእምድብር ሀገረ ስብከት ያሉት ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓት እንደሚቀድሱና መስቀልንም በእኛው ቀን እንደሚያከብሩ ለሚያስተውል ሰው፣ ሜንዴዝ ያላወቀውን ነገር የኋለኞቹ እንደ ተማሩት ግልጽ ነው።

አሁን ደግሞ «እኔ መጽሐፉን ብቻ ነው የምቀበል» ለሚለው ወንድሜ አንድ ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉ ስንት ነው? በወልቂጤ ከአንድ እናት የተወለዱ ሦስት ልጆች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሦስት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስቀምጡ ይችላሉ፤ የወንጌላዊው 66፣ የካቶሊኩ 73፣ የኦርቶዶክሱ 81 መጻሕፍት። ቍጥሩ የት ተጽፏል? ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ራእይ ቢያገላብጡ የመጻሕፍቱን ዝርዝር አያገኙም። የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ዛሬ እንደምናውቃቸው ቈጥሮ የጻፈው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፤ በ367 በላከው የፋሲካ ደብዳቤ። ይህ አትናቴዎስ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እርሱ ነው። ነገሩን የሚያስደስተው ደግሞ እርሱ ጳጳስ የላከላት ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስን፣ ዲድስቅልያንና ቀሌምንጦስን ጨምራ የሐዲሱን መጻሕፍት 35 ብላ መቍጠሯ ነው! መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የይሁዳ መልእክት ይጠቅሰዋል፤ የሌላው ዓለም ክርስቲያን ግን አብዛኛው ከዝርዝሩ አስወጥቶታል። እንግዲህ 66ቱን የያዘውም ሰው ዝርዝሩን ከአንድ እጅ ተቀብሏል። የማውጫው ገጽ ራሱ ወግ ነው።

ይህን ስል አጎታችን ደስ ብሎት እንዳይቀመጥ። መጻሕፍቱን የለየችው ቤተ ክርስቲያን ከለየቻቸው በኋላ ሚዛን አድርጋ በራሷ ላይ አስቀምጣቸዋለች። አንድምታ የሚያስተምሩት መምህራን ዕድሜያቸውን የፈጁት ንባብ እየጠቀሱ ትርጓሜ ሲያወርዱ ነው፤ «ዝም ብለህ ተቀበል» ሲሉ አይደለም። በ1963 በካናዳ አገር በሞንትሪያል ኦርቶዶክሶችና ፕሮቴስታንቶች ተሰብስበው በመከሩ ጊዜም፣ ወንጌሉ ራሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት አንድ ትውፊት አለ፤ በየአገሩና በየማኅበሩ የበቀሉ ብዙ ወጎች ደግሞ አሉ፤ ሁለቱ አይደባለቁ ብለዋል። ገላውዴዎስ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ያለው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በወልቂጤ ከተማ ይህን ሚዛን የምንሞክርበት ብዙ ነገር አለን። ከሥጋ ቤቱ እንጀምር። በአንዱ በር ላይ መስቀል አለ፣ በሌላው ላይ ጨረቃ፤ ደንበኛው ስሕተት እንዳይሠራ ተጠንቅቆ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ወሰን ከወንጌል የተቀዳ አድርጎ ያስባል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የሚከለክለው ለጣዖት የተሠዋውን፣ ደሙንና ታንቆ የሞተውን ነው፤ የሉካንዳው ምልክት ከዚያ ውስጥ የለም። ይህ ወሰን ሁለት ሃይማኖት ጎን ለጎን ሲኖሩ ያበጁት የአገር ልማድ ነው፤ ይጠበቅ ቢሉ ይጠበቅ፤ ግን ጎረቤትን ርኩስ ለማለት ጥቅስ የለውም።

ከበዓል በፊት ያለውን ዕርቅ ደግሞ ይመልከቱ። ደመራው ከመለኮሱ በፊት ባለ ጠብ ይታረቅ የሚለው የጉራጌ ልማድ በማንኛውም ቀኖና አልተጻፈ ይሆናል። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባህን ከማቅረብህ በፊት ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ትእዛዝ አለ። ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎች ይህን ትእዛዝ ያለ መጽሐፍ ስንት ትውልድ ተሸክመው አደረሱት? እንዲህ ያለውን ልማድ «ያልተጻፈ ነው» ብሎ የሚያፈርስ ሰው የተጻፈውን ነው የሚያፈርሰው። በአንጻሩ በሬ መግዛት ያልቻለ ድሃ በዚያ ሰሞን እንዲያፍር፣ ተበድሮ እንዲያርድና እስከ ፋሲካ ዕዳ ሲከፍል እንዲከርም የሚያደርገው ውድድር አለ። ይህም ልማድ ነው፤ ስለዚህኛው «የት ተጽፏል?» ብሎ የሚጮህ ተማሪ ቢነሣ ከጎኑ እቆማለሁ።

በመጨረሻ ስለ ዓርብ ላንሣ፤ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለ እርሱ ነውና። በ2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ መስከረም 17 ዓርብ ቀን ዋለ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ ሲል ከዚህ የሚያወጣቸው ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ኀምሳ ቀናት፣ ልደትንና ጥምቀትን ብቻ ነው፤ መስቀል ከነዚህ አልተቈጠረም። ልማዱ ብላ ይላል፤ በሬው ታርዷል፤ ልጆቹ ከሩቅ አገር መጥተዋል፤ ሥርዓቱ ግን ቆይ ይላል። በዚያ ዓመት ጾሙን በሚጠብቁ ቤቶች ሥጋውና ቅቤው ተከድኖ አደረ፤ እንግዳው በጎመንና በቆጮ ተሸኘ፤ ጣባው የወጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው።